ኮፈኑ ለዕቃ ይቅር፦ ለትንሽ መኪና የወንበር ስር ቤዝ አገጣጠም

ደሴ ላይ ቪትዝ ወይም ያሪስ የያዘ ሰው ቤዝ ሲያምረው ዓይኑ ቶሎ የሚሄደው ወደ ኋላ ኮፈን ነው። ትልቅ የእንጨት ሳጥን፣ 12 ኢንች ስፒከር፣ ከጎኑ አምፕ (የድምፅ ማጉያ)። ድምፁ ጥሩ ነው፤ አልክድም። ኮፈኑ ግን አበቃለት። የእኛ ሀገር ኮፈን ደግሞ ሥራ ፈት አይደለም። ሰኞ ከባቲ ገበያ የተሸመተው ጆንያ ይገባበታል። ጀሪካን ይገባበታል። ለአረፋም ለገናም በግ ይጫንበታል። በግና የአምፕ ሽቦ ደግሞ አብረው አያድሩም።

ሴዳን የያዘ ሰው ሌላም ችግር አለበት። በድሮው ኮሮላ ዲኤክስም ሆነ በዲዛየር፣ በኮፈኑና በተሳፋሪው መካከል ብረትና የወንበር ስፖንጅ አለ። ቤዙ ኋላ ሲመታ ከፊሉ ኃይል እዚያው ይቀራል። ውጭ የቆመ ሰው ታርጋው ሲንቀጠቀጥ ይሰማል፤ ሹፌሩ ጋ የሚደርሰው ግን ያን ያህል አይደለም።

እኔ የምመክረው የወንበር ስር ቤዝ ነው። ስፒከሩም አምፑም በአንድ ጠፍጣፋ ሳጥን ታሽገው ይመጣሉ። ቁመቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ ከላፕቶፕ ብዙ አይርቅም። ከአቅሙ በላይ ግን አትጠብቁበት። ሰፈር አያናውጥም። የሚሠራው የበር ስፒከሮች መውረድ የማይችሉበትን ታች መሙላት ነው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ ይመታል፤ የኸርዝ ቁጥር ባነሰ መጠን ድምፁ ይወፍራል። የትንሽ መኪና የበር ስፒከር እዚያ ድረስ ወርዶ በጉልበት መምታት አይችልም። የወንበር ስር ቤዝም ከታችኛው ጫፍ ላይ ትንሽ ይደክማል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ግን በደንብ ይሸፍናል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። የተረፈ ብር ካላችሁ ዋት አትግዙበት፤ ሽቦ ግዙበት። ቤዙ ቢያንስ ድምፁ ያንሳል፤ ሽቦው ቢያንስ መኪናው ይቃጠላል። ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ነገርም ስለ ሽቦ ነው።

ከመግዛት በፊት ለኩ

ሜትር ይዛችሁ ወንበሩ ስር ግቡ። ከሞኬቱ እስከ ወንበሩ የታችኛው ብረት ያለውን ከፍታ ለኩ። ባዶውን ወንበር ብቻ ለክታችሁ እንዳትሄዱ። ከቤተሰቡ ከበድ የሚለውን ሰው አስቀምጣችሁ እንደገና ለኩ፤ ወንበር ሰው ሲቀመጥበት ይወርዳል። ከዚያ ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊት፣ እስከ መጨረሻው ወደኋላ ግፉት። የሚንቀሳቀሰው ብረት የት የት እንደሚደርስ እዩ። ካገኛችሁት ከፍታ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ቀንሱ። የቀረው ነው ቤዙ የሚገባበት።

አንዳንድ መኪና ከፊት ወንበር ስር ወደ ኋላ ተሳፋሪ እግር ሙቀት የሚወስድ ቱቦ አለው። እሱን አትድፈኑት። በደሴ ክረምት ኋላ የሚቀመጥ ሰው ይረግማችኋል።

የየትኛው ወንበር ስር? የጋቢና ተሳፋሪው። የሹፌሩ ስር አይሆንም፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ወደ 600 ሜትር ቁልቁለት ነው፤ ኩርባው ብዙ፣ ፍሬኑ ብዙ። የላላ ሳጥን ከሹፌሩ ወንበር ስር ወደፊት ተንሸራትቶ ፍሬን ፔዳል ስር ቢገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ሚኒባስ የያዛችሁ ይህን ክፍል እለፉት። በአባዱላም ሆነ በዶልፊን ከፊት ወንበሮች ስር ያለው ሞተር ነው። እዚያ ቤዝ አይገባም፤ ሙቀቱም ያበስለዋል። ከኋላ ወንበሮች ስር ፈልጉ።

ስኮርታ ጎማው ውስጥ የሚገባ ክብ ቤዝም አለ። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ጎማውን እዚያው ትቶ መሀሉ ላይ ይቀመጣል። ግን ጎማ በፈነዳ ቁጥር መጀመሪያ የምትፈቱት ቤዙን ነው። ከደሴ ወጣ ብሎ በጠጠር መንገድ ለሚመላለስ ሰው አይመቸውም። ቤዝ እንዲገባ ብሎ ስኮርታውን ቤት ጥሎ የሚሄድ ሰውም አይቻለሁ። ስለሱ ምንም አልልም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት አትመኑ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ለቅጽበት የሚደርስበት ጣሪያ ነው። እናንተ የምትፈልጉት ያለማቋረጥ የሚሰጠውን ነው፤ በመመሪያው ላይ አር ኤም ኤስ ወይም ኖሚናል ተብሎ ይቀመጣል። የፓዮነር አንዱ የታወቀ የወንበር ስር ቤዝ ካርቶኑ ላይ 160 ዋት ይላል፤ ያለማቋረጥ የሚሰጠው 50 ነው። የጄቢኤል ቤዝፕሮ ኤስኤል2 ደግሞ 125 ነው። እነዚህ ቢያንስ እውነቱን ይጽፋሉ። ስም የለሹ ግን 2000 ዋት ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

ይህን የምታጣሩበት ቀላል መንገድ አለ። ቤዙ ላይ የተሰካውን ፊውዝ እዩ። 15 አምፔር ከሆነ በ12 ቮልት ሲባዛ 180 ዋት ነው። አምፑ ራሱ በሙቀት የሚያባክነውን ስትቀንሱ የሚቀረው ከዚያም ያንሳል። በ15 አምፔር ፊውዝ 2000 ዋት የሚያወጣ ዕቃ በምድር ላይ የለም። ሻጩ ከተከራከራችሁ ፊውዙን አሳዩት።

ለቪትዝ ዓይነት መኪና ያለማቋረጥ ከ75 እስከ 125 ዋት የሚሰጥ 8 ኢንች ከበቂ በላይ ነው።

ሽቦው

አንዳንድ የቤዝ ኪት ውስጥ የሚመጣው ሽቦ ወፍራም ይመስላል፤ ግን ፕላስቲኩ ነው ወፍራሙ። ውስጡም ከላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል። ሱቁ ውስጥ ሆናችሁ ጫፉን በምላጭ ፋቁት። እስከ ውስጥ ድረስ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው። ነጭ ካወጣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ ያንሳል፤ ስለዚህ ሌላ ምርጫ ካጣችሁ ከሚያስፈልጋችሁ በጣም የወፈረውን ውሰዱ።

ከላይ ላልኩት መጠን ቤዝ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ይበቃል፤ 10 ቢሆን ይመረጣል። የግድ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ያሉት ይሁን። ለቤት የሚዘረጋው አንድ ወጥ ድፍን ሽቦ መኪና ውስጥ አይሆንም። መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ውሎ አድሮ ይሰበራል፤ የሚሰበረው ደግሞ በማይታይ ቦታ ነው።

ሌላ የሚያስፈልጋችሁ፦ የፊውዝ ቤት ከ20 ወይም 25 አምፔር ፊውዝ ጋር፣ የሽቦ ጫፍ ቀለበቶች፣ ናስትሮ፣ የፕላስቲክ ፋሼታ፣ ቆርቆሮ ቱቦ የሚመስለው የፕላስቲክ ሽቦ መሸፈኛ፣ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቴስተር (ቮልት መለኪያ)፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ 10 እና 14 ቁልፍ። ቴስተር ይዛችሁ የማታውቁ ከሆነ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ይሥራላችሁ፤ እናንተ ግን አጠገቡ ቁሙ። ጥያቄ የሚጠይቅ ደንበኛ ፊት ሽቦ በአቋራጭ አይሄድም።

ሥራው

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቱ። አንዳንድ ቴፕ ባትሪ ሲፈታ ኮድ ይጠይቃል፤ ኮዱን መያዛችሁን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ከፈታችሁ በኋላ 10 ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ምክንያቱ ኤርባግ ነው። ከወንበር ስር ቢጫ ሶኬት ካያችሁ የኤርባጉ ወይም የቀበቶ መሳቢያው መስመር ነው። አትቁረጡት፣ በመፈተሻ አምፖል አትፈትሹት፣ ባትሪ ተገጥሞ እያለ አትንቀሉት።

ወንበሩን ለማውጣት አራት ብሎኖች ትፈታላችሁ፤ በቶዮታ ብዙ ጊዜ 14 ቁልፍ ነው። ሶኬት ሳይነቀል ወደኋላ ጋደም ማድረግ ከተቻለ እሱ ይበልጣል።

አሁን የፖዘቲቩ ሽቦ። ከባትሪው ተነስቶ ሞተሩንና ጋቢናውን በሚለየው ግድግዳ በኩል ያልፋል። ፋብሪካው ራሱ ሽቦ ያሳለፈበት የጎማ መሸፈኛ ያለው ቀዳዳ አይጠፋም። ጎማውን በትንሹ በስታችሁ አሳልፉ። አዲስ ቀዳዳ የግድ ከሆነ የጎማ ቀለበት ይግባበት። ስለታም ቆርቆሮ ላይ የሚሻሸው ሽቦ ልብሱን የሚጨርስበት ቀን አይታወቅም።

ፊውዙ ከባትሪው በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይቀመጥ። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ቤዙን አይደለም፤ ሽቦውን ነው። ሽቦው መሀል ላይ ብረት ቢነካ ባትሪው ያለውን ሁሉ ይለቅበታል። ፊውዙ ቤዙ አጠገብ ከሆነ ከባትሪ እስከዚያ ያለው ሁለት ሦስት ሜትር ሽቦ ጠባቂ የለውም ማለት ነው። ብዙ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ግን እንዲያ ነው፤ ጋቢና ውስጥ ለመቀየር ይመቻል ይሏችኋል። አትስማሙ። ፊውዙን አሁን አትሰኩት፤ መጨረሻ ላይ ነው።

ጋቢና ውስጥ ሽቦውን በበሩ ሥር ባለው የፕላስቲክ መሸፈኛ ስር አሳልፉና ወደ ወንበሩ አምጡት። የድምፁ ገመድ በዚያው በኩል አይምጣ። ፖዘቲቩ በቀኝ ከሄደ ድምፁ በመሀል ወይም በግራ ይምጣ። ጎን ለጎን ከተኙ የሞተሩ ፉጨት ስፒከር ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ቀጥሎ ማሳው ነው። ኔጋቲቩን ወደ ባትሪ መመለስ አያስፈልግም፤ የመኪናው ቦዲ ይበቃል። አጭር ይሁን፤ ከግማሽ ሜትር አይለፍ። ውፍረቱ ከፖዘቲቩ እኩል ይሁን። የወንበሩ ብሎን ቅርብ ስለሆነ ሁሉም ሰው እዚያ ያስራል። እኔ አልወደውም። ብሎኑ የሚይዘው ወንበርና ሰው ነው፤ በመሀሉ የሽቦ ቀለበት ሲገባ አጠባበቁ ይበላሻል። ቀለምና ማጣበቂያውም ማሳውን ደካማ ያደርገዋል። ፋብሪካው ራሱ ማሳ ያሰረበት ብሎን በበሩ ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ጎን ፈልጉ። ቦታውን በብርጭቆ ወረቀት ፋቁት፤ ነጭ ብረት እስኪታይ። እሰሩና ዙሪያውን ግሪስ ቀቡት፤ የተፋቀ ብረት በደሴ ጭጋግ ቶሎ ይዝጋል።

የድምፁ ገመድ እንደ ቴፑ ዓይነት ይለያያል። አንድሮይድ ስክሪን ካስገባችሁ ከጀርባው ለቤዝ የተለየ ማውጫ ብዙ ጊዜ አለው፤ ከሱ ውሰዱ። የፋብሪካው ቴፕ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማውጫ የለውም። ያን ጊዜ ከስፒከር ሽቦ ትወስዳላችሁ። አብዛኛው የወንበር ስር ቤዝ ለዚህ የሚሆን የተለየ ሶኬት አለው። የኋላ ስፒከር ካለ ከሱ፣ ከሌለ ከፊቱ ቀጥሉ። ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ። አንዱ ጎን ከተገላበጠ ግራና ቀኙ እርስ በርስ ይጠፋፋና ቤዙ ባዶ ይሆናል። ሽቦውን ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀት ሲነካው ሙጫው ይለቃል። የሽቦ መበየጃ ቆርቆሮ አቅልጣችሁ በይዱት ወይም በመጭመቂያ ቱቦ ያዙት።

የቀረችው አንዲት ቀጭን ሽቦ ናት፤ ቤዙን የምታበራና የምታጠፋው። ከቴፑ ጀርባ ነጭ መስመር ያለባት ሰማያዊ ሽቦ አለች፤ እሷን ፈልጉ። ድፍን ሰማያዊዋ ብዙ ጊዜ የአንቴና ናት። ቤዛችሁ ሬዲዮ ሲከፈት እየሠራ በፍላሽ ወይም በብሉቱዝ ጊዜ ዝም ካለ፣ የተያዘችው የአንቴናዋ ሽቦ መሆኗን ጠርጥሩ። የፋብሪካ ቴፕ ላይ ይህች ሽቦ ላትኖር ትችላለች። አንዳንድ ቤዝ የስፒከር ድምፅ ሲመጣ ራሱ ይበራል። ካልበራ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ መስመር በትንሽ ፊውዝ ውሰዱ። በቀጥታ ከባትሪ ከሆነ ቤዙ ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል። ጠዋት በደሴ ብርድ ባትሪው ድሮም ጉልበት የለው፤ መኪናው በግፊት ይነሳል።

ሳጥኑን ማሰር ላይ ወለሉን አትብሱ። ከስር የነዳጅና የፍሬን ቱቦ የሚያልፍበት መኪና አለ። ቤዙ ከራሱ ማሰሪያ ጋር ይመጣል፤ ካልመጣ በሚጣበቅ ጨርቅና በጠንካራ ቀበቶ ከማይንቀሳቀሰው የወንበር ሀዲድ ጋር እሰሩት። ከስሩ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ጎማ አድርጉለት። ሰበቡን በኋላ እነግራችኋለሁ። ወንበሩን መልሱ፣ አራቱንም ብሎኖች በደንብ አጥብቁ፣ ከዚያ ባትሪውን እሰሩ፣ በመጨረሻ ፊውዙን ሰኩ።

ድምፁን ማስተካከል

ብዙ ሰው ዕቃው ጥሩ ሆኖ ድምፁ የሚጠፋበት እዚህ ነው። በቴፑ ላይ ያሉትን ቤዝ መጨመሪያዎች ሁሉ ዜሮ አድርጉ። ቤዙ ላይ ያለውን ጌይን ወደ ዝቅተኛው አዙሩ። የድምፅ ማጣሪያውን፣ ማለትም ቤዙ እስከ የትኛው ኸርዝ ድረስ እንደሚጫወት የሚወስነውን፣ 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ።

የምታውቁትን ሙዚቃ ክፈቱ። እኔ ከመንዙማ የተሻለ መፈተሻ አላውቅም፤ ድቤው ጥሩ ሚዛን ነው። ቴፑን እስከ ሦስት አራተኛው ከፍ አድርጉና ጌይኑን ቀስ እያላችሁ ጨምሩ። ድቤው አንድ አንዱ ምት ተለይቶ መሰማት አለበት። ምቶቹ ተጣብቀው መጎተት ከጀመሩ ወይም ድምፁ ከሻከረ ትንሽ መልሱት። ጌይን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ አይደለም፤ ቴፑና ቤዙ የሚስማሙበት ልክ ነው። እዚያው ከተገኘ በኋላ አይነካ።

ቀጥሎ ክራር ያለበት የአምባሰል ዘፈን ክፈቱ። ዘፋኙ ከወንበር ስር የሚዘፍን ከመሰላችሁ ማጣሪያው ከፍ ብሏል፤ ወደ 70 ዝቅ አድርጉት። ድምፁ ከዳሽቦርዱ በኩል እየመጣ ቤዙ ከየት እንደሆነ ካልታወቀ ልክ ነው። የበር ስፒከሮቹ ትንንሽ ሆነው በመሀል ክፍተት ከተሰማችሁ ግን እስከ 100 መውጣት ትችላላችሁ።

ዜሮ እና 180 የሚል መቀያየሪያም አለ። የሹፌር ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ ሰው ይቀያይርላችሁ። በየትኛው ቤዙ ከበረታ እዚያ ተዉት። ንድፈ ሐሳቡ ረጅም ነው፤ ጆሮ ይበቃል።

ሥራው በአግባቡ መሠራቱን ቴስተር ይነግራችኋል። ሞተሩ ተነስቶ ቤዙ ጠንከር ብሎ እየመታ፣ አንዱን የቴስተር ጫፍ ቤዙ ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርጉ። ከ0.1 ቮልት ብዙ ካለፈ ማሳው ደካማ ነው፤ እንደገና ፋቁ። በፖዘቲቩ በኩልም እንዲሁ ለኩ። እዚያ ከ0.5 ካለፈ ሽቦው ቀጥኗል ወይም የሆነ ቦታ ላልቷል።

ሞተር ሲነሳ የሚጀምር፣ ነዳጅ ሲረገጥ የሚቀጥን ፉጨት ከሰማችሁ ከዲናሞው ነው የሚመጣው። የፉጨት ማጣሪያ ግዙ የሚላችሁ አይጠፋም። መጀመሪያ ማሳውን፣ ቀጥሎ የድምፁ ገመድ የሄደበትን መንገድ እዩ። አብዛኛው እዚያ ያልቃል። ፕላስቲክ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ደግሞ የቤዙ ላይሆን ይችላል። የቀበቶው መቆለፊያ፣ በወንበር ኪስ ያለ ቁልፍ፣ የኋላ ታርጋ፤ እነዚህን አንድ በአንድ በእጃችሁ እየያዛችሁ ፈትሹ። ታርጋው ከሆነ ከጀርባው ስፖንጅ ለጥፉበት።

ወደ ባቲና ሚሌ በሙቀት ስትወርዱ ቤዙ ድንገት ዝም ቢል አትደንግጡ። አምፑ ሲግል ራሱን ያጠፋል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ቀዝቃዛ አየር ወደ እግር አዙሩለት፤ ከላዩም ፌስታል አትጣሉ።

የጎማውን ነገር ልጨርስ። ደሴ ክረምት ጫማ ሁሉ ውሃ ይዞ ይገባል። ላቫጆ ስትሄዱ ደግሞ ልጆቹ ሞኬቱን በጎማ ውሃ ያጥቡታል። ውሃው ከወንበር ስር ይጠራቀማል፤ ቤዙ ወለሉ ላይ ከተኛ እሱም ይጠጣል። 1 ሴንቲ ሜትሩ ጎማ ለዚህ ነው። መኪናውን ስታስረክቡ ልጆቹን ጠርታችሁ ወንበሩ ስር ያለውን አሳዩዋቸው፤ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ እንዲጠርጉት ንገሯቸው። አጣቢዎቹ ስለሚቀያየሩ ይህን በየጊዜው መንገር ይኖርባችኋል።